የመሃሉ ስም

ልጄ ስሟን ሳታውቅ ግማሹ ተጽፏል፤
መሃሉ ቦታ ላይ አባቷ ተቀምጧል።
ሞላ።
ሁለት ፊደል ብቻ፣ አጭር እንደ ሳቁ፣
የማይነቀነቅ እንደ ደጅ ዘበኛ።
ለእኔ የተረፈኝ ከፊቱ የምትቆም
አንዲት ቃል መፈለግ።

ስም ብቻውን አይሄድም፣ እንደ ሰው ጓድ ይሻል፤
ካባት ስም ሲጋጠም ነገር ይናገራል።
«ትዕግሥት» አልሁ ገና ሳላምጥ፣ ትዕግሥት ሞላ ብዬ፤
የእኔ ግን ጎደለ ስገላበጥ ውዬ።
«ደስታ» አለች ጎረቤት። ደስታ ሞላ፦ ደግ ነው፤
ግን ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ደስታ አለ፣
አንዱም ደስታ የለው።
እንባም ከሞላ ጋር ይገጥማል፣ ብቻ ማን ያወጣዋል?

እህቱ ደወለች ከአዲስ አበባ፤
ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ሔራን ደረደረች።
ያምራሉ። አፌ ላይ እንደ ከረሜላ ሟሙ።
ሞላ አጠገብ ሳደርሳቸው ግን
የሚሉት ጠፍቷቸው ዝም ብለው ቆሙ።

የተወለደችው ጳጉሜን ሦስት ነው፣
ሰማይ ለሩፋኤል ጸበሉን ሲያወርደው፣
ሽምብጥ መንገድ ላይ ልጆች ራቁታቸውን
በዝናብ ሲንጫጩ።
በሆስፒታሉ መስኮት ሐይቁን አየሁት፤
እምቦጩን ነፋስ ወደ ማዶ ገፍቶት፣
ውሃው የደንገሉን ወገብ አልፎ ወጥቶ
እንደ ጠገበ ሰው ዘና ብሎ ተኝቶ።
ያን ጊዜ ነው ቃሉ ሳልጠራው የመጣ።
«ጣና» አልሁ።
ጣና ሞላ።

ሞላ ሳቀ።
ከዚያ ሳቁን ውጦ በሩን ተመለከተ።
እናቱ፣ እማማ ትርንጎ፣
አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ቆማለች።
«ባሌን የበላ ውሃ» አለች፣ «ስሙ ከቤቴ አይጠራም።»

ሠላሳ ክረምት ነው፣ አበጀ በታንኳ
እንጨት ጭኖ ከዘጌ ወጥቶ
ባሕር ዳር ሳይገባ።
ታንኳው ተገኘ። እንጨቱም ተገኘ፤
ሸጠው ለተዝካሩ አዋሉት።
እሷ ከዚያ ወዲህ ዓሣ አልቀመሰችም፤
ማዶ ዘመድ ሲሞት በመኪና ዞራ ትሄዳለች፤
ሐይቁን «ያ» ነው የምትለው።
«ያ ዛሬ ይነፍሳል።» «ያ ትናንት ጮኸ።»

ልጄ ሰማንያ ቀን «ሚጡ» ተብላ ከረመች።
ቄሱ የክርስትናዋን ወለተ ሩፋኤል አሉ፤
አንዱ ስም እንኳ ያለ ጠብ አለፈ።

ኅዳር መጨረሻ ቀበሌ ሄድን።
ፀሐፊው ቅጹን ገፋ አደረገልን፣ ሦስት ባዶ ሳጥን፦
የልጅ፣ የአባት፣ የአያት።
ሞላ ሁለተኛውን ሞላ።
ሦስተኛው ላይ አበጀ ብሎ ጻፈ፣ ቀስ ብሎ።
የመጀመሪያው ባዶውን አየን፣ እሱም አየን።

እማማ ትርንጎ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች።
በጣቷ ከኋላ ወደ ፊት ተጓዘች፦
አበጀ።
ሞላ።
ባዶው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቆየች።
«ደም ሲደርቅ» አለች፣ ማንንም ሳታይ፣
«ገዳይ በዚህ ይቆማል፣ የሟች ወገን በዚያ፣
መሃል ሽማግሌ።»
ጣቷን ከፍ አደረገች።
«ልጄ መሃል አለ። ጻፉት።
እኔ ግን አልጠራትም።»

ጻፍሁት። እጄ ተንቀጥቅጦ
«ና» ትንሽ ተጣመመች።

ፀሐፊው ማኅተሙን መትቶ በመስኮት ጮኸ፦
«ጣና ሞላ አበጀ!»
ወረፋው ጫፍ ላይ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ
ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ፦
«እሰይ፣ አበጀ! ጣና ሞላ?
በኅዳር? መቼ ሞላ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ላስረዳ ስል
እማማ ትርንጎ ልጅቷን ከጀርባዬ ፈትታ
በነጠላዋ ጠቅልላ
እንዲያዩ ከፍ አደረገቻት።

«በሩፋኤል ዕለት» አለቻቸው።